አራት ቀን የሚነከረው አፈር

የምህንድስና ተማሪዎች የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ ሲጎበኙ በቅድሚያ ዓይናቸው የሚያርፈው በትላልቆቹ ማሽኖች ላይ ነው። ለነጋዴው ግን ቁም ነገሩ ያለው ውሃ በሞላው ገንዳ ውስጥ ነው። እዚያ በብረት ቅርጽ የተጠቀጠቀ አፈር አራት ቀን ይነከራል። ከዚያም ዲያሜትሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ዘንግ በዝግታ ይጫነዋል፤ ዘንጉ 2.5 ሚሊ ሜትር እንዲገባ ያስፈለገው ክብደት፣ ለተፈጨ ድንጋይ ከተወሰነው 1,370 ኪሎ ግራም ጋር በመቶኛ ይነጻጸራል። «ሲ.ቢ.አር.» የሚባለው ይኸው ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው ዘዴው ከተፈለሰፈባት ካሊፎርኒያ ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር በበጋ ድንጋይ ይመስላል። ሲነከር ግን ያብጣል፤ ውጤቱም ብዙውን ጊዜ ከ5 በመቶ በታች ይወርዳል። ያኔ ሥራ ተቋራጩ አፈሩን ቆርጦ ይጥላል፣ ወይም ኖራ ይቀላቅላል፣ አለዚያም የጠጠሩን ንብርብር ያወፍራል። ሦስቱም ወጪ ናቸው፤ ምርመራው ግን ከሦስቱም ይረክሳል። ይህን ዘልሎ ጨረታ የሚገባ ተቋራጭ ዋጋ ያቀረበው በግምት ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛው ትምህርት ስለ ጭነት ነው። ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ካሚዮኖች ለሙከራ በተሠራ መንገድ ላይ ያለማቋረጥ ተመላለሱ። ከዚያ በተገኘው ስሌት መሠረት በአንድ አክስል ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን ጉዳቱ 16 እጥፍ ግድም ይሆናል። ለ10 ቶን በታሰበ አክስል ላይ 13 ቶን ሲያርፍ ጉዳቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ባለ ካሚዮኑ የሦስት ቶን ተጨማሪ ኪራይ ይቀበላል፤ የአስፋልቱ ሒሳብ የሚመጣው ግን በጥገና በጀት ላይ ነው።