የወስፋት እንቁላል ከመስኖ ውሃ እንዴት ይወገዳል?

በበጋ ውሃ ሲያጥር ገበሬ ያገኘውን ውሃ ለጎመኑ ያጠጣል። በአዲስ አበባ በአቃቂ ወንዝ ዳር የከተማ ፍሳሽ በገባበት ውሃ አትክልት ይለማል። በጫግኒ ዙሪያም ከከተማ ቦይ ውሃ ጠልፎ የሚያጠጣ ካለ፣ ይህን ትምህርት ልብ ይበል።

ፍሳሽ ውስጥ የሰው ዓይነ ምድር አለ። ዓይነ ምድር ውስጥ ደግሞ የወስፋት እንቁላል ይኖራል። አንዲት እንስት ወስፋት በቀን እስከ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በዓይን አይታይም። ቅርፊቱ ጠንካራ ስለሆነ በረኪና አይገድለውም። በአፈር ውስጥ ዓመታት ይቆያል። ልጅ ጥሬ ሰላጣ ወይም ባልታጠበ እጁ ሲበላ እንቁላሉ ሆዱ ይገባል። ሆዱ ይነፋል፤ የበላው አይሆነውም፤ ይከሳል።

ነገር ግን እንቁላሉ ከውሃ ይከብዳል። ውሃው ከረጋ ወደ ታች ይዘቅጣል። ዘዴው ይኸውና፦

1. ሁለት ኩሬ ቆፍሩ። አንዱ ሲረጋ ከሌላው አጠጡ።
2. ውሃው ቢያንስ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ሳይነካ ይርጋ። 10 ቀን ቢቆይ ይበልጥ ይጠራል።
3. ከላይ ከላዩ ቅዱ። ኩሬው ውስጥ ገብታችሁ አታደፍርሱ።
4. ውሃውን ከሥሩ አፍስሱ እንጂ ቅጠሉ ላይ አትርጩ።
5. እንቁላሉ ያለው ዝቃጩ ውስጥ ነው። ስለዚህ እንደ ፍግ አትበትኑት፤ ከውሃ ርቃችሁ ቅበሩት።

ጎመኑንም አብስላችሁ ብሉ። ከሁሉ በፊት ግን ሽንት ቤት ቆፍሩ።

ጥያቄ፦ ውሃው ከኩሬው በየት በኩል ይቀዳል? ለምን?