የትምህርት ቤታችን ኮሚቴና ምርጫው

ፊደል ቆጥራችሁ፣ ቃል አንብባችሁ፣ እነሆ አሁን መጽሐፍ ይዛችኋል። ለመሆኑ ማንበብ ለምን ይጠቅማል? ደብዳቤ ለማንበብ፣ የመድኃኒት ትእዛዝ ለመረዳት፣ በገበያ ላለመታለል ይጠቅማል። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ ስለማይነሳ ሌላ ጥቅም እንነጋገር። ይኸውም የትምህርት ቤታችንን ኮሚቴ ለመምረጥና ለመጠየቅ ነው።

የትምህርት ቤት ኮሚቴ ምንድን ነው?

ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ቢሆንም ልጆቹ የእኛ ናቸው። ስለዚህ ወላጆች ከመካከላቸው ሰዎች ይመርጣሉ። የተመረጡት ከመምህራን ጋር ሆነው የትምህርት ቤቱን ሥራ ይከታተላሉ።

በአገራችን በ1976 ዓ.ም. የትምህርት ቤቶችን አስተዳደር ለማጠናከር አዋጅ ቁጥር 260 ወጣ። በዚህ አዋጅ የትምህርት ቤት አስተዳደር ኮሚቴ በሕግ ተቋቋመ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ትምህርት ቤቶች ከኅብረተሰቡ፣ ከመምህራንና ከተማሪዎች በተውጣጣ ቦርድ ወይም ኮሚቴ እንዲመሩ አለ። የወላጅ መምህር ኅብረት፣ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ የሚባሉትም ከዚያ በኋላ መጡ። ስሙ ይለዋወጥ እንጂ ነገሩ አንድ ነው፤ ወላጅ በልጁ ትምህርት ቤት ላይ ድምፅ አለው።

የኮሚቴው ሥራ ብዙ ነው። ክፍል ያሠራል፣ ያሳድሳል። ልጅ ከትምህርት ሲቀር ወላጁን ይመክራል። መዋጮ ይሰበስባል። ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ ይቆጣጠራል። ገንዘቡም ቀላል አይደለም። ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም ለየትምህርት ቤቱ በተማሪው ቁጥር ልክ ድጎማ ይላክ ነበር። በዚያ ላይ የገበሬው መዋጮ፣ ጉልበት፣ እንጨትና ድንጋይ አለ። ይህ ሁሉ ጠባቂ ይፈልጋል።

አንድ ታሪክ እንንገራችሁ

እኛ ባስተማርንበት ቀበሌ 16 ዓመት በኮሚቴው ሰብሳቢነት የኖሩ አንድ አባት ነበሩ። ስማቸውን አንጠራም። የአገሩ ሰው «አያ» ይላቸው ነበር፤ እኛም እንዲሁ እንላቸዋለን።

አያ ትምህርት ቤቱ ሲሠራ በራሳቸው አህያ ድንጋይ ያመላለሱ ሰው ናቸው። መምህር ሲጎድል የአራት ሰዓት መንገድ በእግራቸው እየሄዱ በወረዳው ደጅ ጠንተዋል። ሕዝቡ ይወዳቸዋል። የኮሚቴው ዘመን ባለቀ ቁጥር ሰው ከዛፍ ጥላ ሥር ይሰበሰባል። «ማን ይመረጥ?» ሲባል «አያ ይቀጥሉ! አያ ይቀጥሉ!» ይላል። ያጨበጭባል፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ድምፅ የቆጠረ የለም። ሒሳብ የጠየቀም የለም። አያን ሒሳብ መጠየቅ እንደ ነውር ይታይ ነበር።

አያ ግን ማንበብ አይችሉም ነበር። ጸሐፊው ጽፎ ሲያቀርብላቸው አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክረው ያትማሉ።

የማታው ትምህርት ሲጀመር ቀድመው የተመዘገቡት እሳቸው ናቸው። በስድስተኛው ወር አንድ ማታ የኮሚቴውን መዝገብ በጋቢያቸው ሸፍነው መጡ። «ልጆቼ፣ መጽሐፉን ጨርሼዋለሁ፤ እስቲ በዚህ ልለማመድ» አሉን። በኩራዝ ብርሃን ጣታቸውን ከፊደል ፊደል እያስኬዱ አነበቡ። «ለአዲሱ... ክፍል... 40... ቆርቆሮ... ተገዛ» ይላል። ከሥሩ የጣታቸው አሻራ አለ።

ዝም አሉ። ያ ክፍል ሲከደን ቆርቆሮውን አንድ፣ ሁለት ብለው እየቆጠሩ ለአናጢው ያቀበሉት ራሳቸው ነበሩ። 28 ነበር። 12 ቆርቆሮ የት ገባ?

ቆይተው፣ «እኔ አልዋሸሁም። ጣቴ ግን ዋሸ» አሉ።

እውነቱን ለመናገር እኛም ፈራን። «አያ፣ ነገሩ ካለፈ ቆየ። ስምዎ ይጎድፋል፤ ቢተዉት ይሻላል» አልናቸው። መጥፎ ምክር ነበር። እሳቸው ግን፣ «ስሜ ይጉደፍ። ትንንሾቹ የሚማሩበት ክፍል ያፈሳል አይደል? 12 ቆርቆሮ እኮ ግማሹን ይከድነዋል» አሉን።

በሚቀጥለው እሑድ ሕዝቡን ሰበሰቡ። መዝገቡን ገልጠው ቆመው አነበቡ። አንዷን ገጽ ለማንበብ ቡና አንዴ እስኪፈላ ያህል ጊዜ ፈጀባቸው። ማንም አልሳቀም። አንብበው ሲጨርሱ እንዲህ አሉ፦ «እኔን የማትጠይቁኝ ስለምታከብሩኝ ነው። ግን የማይጠየቅ ጠባቂ እንቅልፍ ይወስደዋል። እኔም ተኝቻለሁ። በሉ ሒሳቡ ይመርመር፤ ከዚያም በወጉ ምረጡ።»

ሦስት መርማሪዎች ተመረጡ። ስድስቱ ቆርቆሮ ከአንድ የኮሚቴ አባል ጎተራ ላይ ተገኝቶ ተመለሰ። የቀረው ስድስት ግን እኛ ከቀበሌው እስክንወጣ ድረስ አልተገኘም።

ምርጫው እንዴት ተካሄደ?

አምስት ሰው የሚመረጥበት ቦታ ነበር፤ ስምንት ሰዎች ተጠቆሙ። በአንድ ክፍል ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ስምንት ገንቦ ተደረደረ። በየገንቦው ላይ የተጠቋሚው ስም ተጻፈ። ገና ማንበብ ላልቻሉትም ምልክት ተሣለበት፤ ለአንዱ ማረሻ፣ ለአንዷ ጀበና፣ ለአያ በትር። እያንዳንዱ ወላጅ አንዲት ፍሬ ባቄላ ተሰጠው። ብቻውን ገብቶ ከወደደው ገንቦ ጨመረ። ማን ለማን እንደሰጠ ያየ የለም።

ባቄላው በሕዝብ ፊት ተቆጠረ። 131 ነበር። አብልጠው ያገኙት ከእኛው ጋር ፊደል የቆጠሩ አንዲት እናት ናቸው፤ 37 አገኙ፤ ሰብሳቢም ሆኑ። አያ 14 አግኝተው አምስተኛ ወጡ። ከኮሚቴው አልወጡም፤ ሰብሳቢነቱ ግን ቀረ።

ሰው ሁሉ አፈረ። አንገቱን ደፋ። አያ ግን ባቄላቸውን በመዳፋቸው ይዘው፣ «16 ዓመት ሲጨበጨብልኝ ኖርኩ፤ ዛሬ ገና ተቆጠርኩ» አሉ። በማግስቱ ጠዋት አዲሷን ሰብሳቢ መዝገቡን ሊያስረክቡ ከቤታቸው ሄዱ።

ከዚህ ምን እንማራለን?

ብዙ ዘመን ማገልገል ጥፋት አይደለም። እንደ አያ ያለ ሰው ለአንድ ቀበሌ ሀብት ነው። ጥፋቱ እሱን ጥለን ወደ ቤት መሄዳችን ነው። ሸክሙን ሁሉ ለአንድ ሰው ጭነን «እሳቸው አሉ» ስንል፣ ደጉን ሰው እናደክመዋለን፤ ሌባው ደግሞ ከጀርባው ይደበቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለም?

ስለዚህ ምርጫ ሲደርስ እነዚህን አንርሳ፦

1. ድምፅ ይቆጠር። ጭብጨባ አይቆጠርም።

2. ከምርጫው በፊት የድሮው ኮሚቴ ሒሳቡን በሕዝብ ፊት ያንብብ። ገቢው ስንት ነው? ወጪው ስንት ነው? ደረሰኙ የት አለ?

3. ሴቶችም ይምረጡ፤ ይመረጡም። ልጅ ሲቀር ለምን እንደቀረ ቀድማ የምታውቀው እናት ናት።

4. ያላነበባችሁትን አትፈርሙ። ማንበብ ካልቻላችሁ ለሁለት የተለያዩ ሰዎች አስነብቡ።

5. የድሮው አባል ደህና ከሠራ ደግማችሁ ምረጡት። ካልተመረጠም አመስግናችሁ ሸኙት። ምርጫ ጠብ አይደለም።

የቃላት ፍቺ

አሻራ፦ በቀለም ተነክሮ በወረቀት ላይ የሚታተም የጣት ምልክት
ድጎማ፦ ለሥራ ማገዣ የሚሰጥ ገንዘብ
ተጠቋሚ፦ እንዲመረጥ ስሙ የተጠራ ሰው

ጥያቄዎች

1. አያ «ጣቴ ዋሸ» ያሉት ለምንድን ነው?
2. ለምርጫው በገንቦና በባቄላ መጠቀም ምን ጥቅም ነበረው?
3. እናንተ በአያ ቦታ ብትሆኑ መዝገቡን በሕዝብ ፊት ታነቡ ነበር? ተወያዩበት።
4. በትምህርት ቤታችሁ ኮሚቴ ውስጥ ያሉት እነማን ናቸው? መቼ ተመረጡ? ስማቸውን በደብተራችሁ ጻፉ።
5. ሒሳቡ በሕዝብ ፊት የተነበበው መቼ ነው? ካላወቃችሁ ጠይቃችሁ ኑ።