ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን፦ ከ«ፀሐይ» እስከ ዛሬ

የአምቡሊን አውሮፕላን ማረፊያ የማያውቅ ልጅ በመካከላችን የለም። ሆኖም አውሮፕላን ሌሎች ሠርተውት እኛ የምንሳፈርበት ዕቃ ብቻ እንደሆነ የሚያስብ ብዙ ነው። የዚህ ትምህርት ዓላማ ያን አሳብ መመርመር ነው።

፩. ታሪኩ

ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ፈረንሳዊው አብራሪ አንድሬ ማዬ፣ ሁለት መቀመጫ ያላትን ፖቴዝ 25 አውሮፕላን ከጅቡቲ አምጥቶ አዲስ አበባ አሳረፈ። የኢትዮጵያ የአየር ኃይል ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ በረራ ነው። ስለዚህ የምንኖርበት ከተማ የታሪኩ መነሻ ናት ማለት ይቻላል።

ብዙ ሳይቆይ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ተሠራች። ሥራውን የመራው ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር ነበር። ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ክንፎቿ ድርብ፣ ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ዋልተር ነበር። በልዕልት ፀሐይ ስም «ፀሐይ» ተባለችና በ1928 ዓ.ም. በረረች። ነገር ግን ጦርነቱ ደርሶ ነበር፤ ጣሊያኖች ወደ አገራቸው ወሰዷት፤ በሮም አቅራቢያ ባለ የአየር ኃይል ሙዚየም ለብዙ ዓመታት ቆየች። ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰች።

በእኛ ዘመን ደግሞ የኅብረተሰብ ጤና የተማረው አስመላሽ ዘፈሩ፣ ከመጻሕፍትና ከኢንተርኔት ተምሮ፣ የአሮጌ ቮልስዋገን ሞተር ገጥሞ ሁለት ሰው የምትይዝ አውሮፕላን ሠርቷል። ኬ-570ኤ ብሎ ሰየማት፤ ቁጥሩ ሥራው የፈጀው ቀን ነው። የመጀመሪያው የበረራ ሙከራ አልተሳካም፤ እሱ ግን ሥራውን አላቆመም።

፪. ተገጣጣሚ አውሮፕላን

ዛሬ በብዙ አገር ቀላል አውሮፕላን በሣጥን ተሸጦ በገዢው እጅ ይገጣጠማል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ደንብ፣ ከየብስ የምትነሣ «ቀላል የስፖርት አውሮፕላን» ለመባል መቀመጫዋ ከሁለት፣ ሙሉ ክብደቷም ከ600 ኪሎ ግራም መብለጥ አልነበረበትም። አርቪ-12 የምትባለው ለምሳሌ 100 የፈረስ ጉልበት ባለው ሮታክስ ሞተር ትበራለች፤ ክንፎቿ ተነቅለው በጋራዥ ትቀመጣለች። አንዳንድ ዓይነት ሦስተኛ ጎማው ከአፍንጫው ሥር፣ አንዳንዱ ከጭራው ሥር ነው። የጭራ ጎማ ለሻካራ ሜዳ ይመቻል፤ የአፍንጫ ጎማ ግን ለጀማሪ አብራሪ ይቀላል።

፫. ሳይንሱ

በአውሮፕላን ላይ አራት ኃይሎች ይሠራሉ፦ ክብደት ወደ ታች፣ አንሺ ኃይል ወደ ላይ፣ የሞተሩ ግፊት ወደ ፊት፣ የአየሩ ጉተታ ወደ ኋላ። አንሺው ኃይል በአየሩ እፍጋት ይወሰናል። በ15 ዲግሪ ካለው አየር ይልቅ በ40 ዲግሪ ያለው የጅቡቲ አየር 8 በመቶ ያህል ይሳሳል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ በ20 በመቶ ገደማ ይሳሳል። በሁለቱም ከተሞች አውሮፕላን ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል፤ የጫነውም መመጠን አለበት። በ«ፀሐይ» ላይ የነበረው ፈተና ይህም ጭምር ነበር።

፬. ከዚህ ምን እንማራለን?

አውሮፕላን የሚገጣጥም ሰው ያልጠበቀውን ብሎን «ይሁን» ብሎ አያልፍም፤ የሚሳፈርባት ራሱ ነውና። እያንዳንዱን ሥራ በመዝገብ ይጽፋል፤ ከመብረሩ በፊትም ሌላ ዐዋቂ ያይለታል። የሒሳብ መልሱን ሳያጣራ ደብተሩን የሚያስረክብ ተማሪ ይህን ያስብ። ወላጆችም የተበላሸ ማራገቢያ ፈትቶ የሚመረምር ልጅ ስታዩ፣ ከመቆጣታችሁ በፊት ከመብራት የተነቀለ መሆኑን አረጋግጡና አጠገቡ ተቀመጡ። የእጅ ሥራ ከቀለም ትምህርት የሚያንስ አይደለም።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1. «ፀሐይ» ድርብ ክንፍ መሆኗ ምን ይጠቅማት ነበር? (ፍንጭ፦ ስፋትና ጥንካሬ።)
2. ክብደቷ 600 ኪሎ የሆነ አውሮፕላን ከፍታዋን ሳትለውጥ ስትበር አንሺው ኃይል ስንት ኒውተን ነው?
3. በጅቡቲ ትንንሽ አውሮፕላኖች በማለዳ ቢበሩ የሚሻለው ለምንድን ነው?