ሲኒ ገልብጦ ማንበብ

ሐረር፣ አቦከር ውስጥ ቡና ተጠርቶ በሐረሪ ቤት የተቀመጠ እንግዳ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ግድግዳው ላይ ነው። የተሰቀለው ስፌት፣ ሳህኑ፣ በግድግዳው ጉድጓዶች የተሰደረው ዕቃ ለጊዜው ወሬ ያስረሳል። እኔ ግን የማወራው እጃችን ላይ ስላለችው ጆሮ አልባ ትንሽ ጎድጓዳ፣ ስለ ሲኒ ነው።

ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም «የቻይና» ማለት ነው። ቡናውም ጀበናውም የእኛ ሆነው መጠጫው የሩቅ አገር ስም ይዞ ቀረ። የመጣበት መንገድም ያረጀ ነው፦ ድሬዳዋ አጠገብ ባለችው ሐርላ በተደረገ ቁፋሮ የ12ኛው ክፍለ ዘመን መስጊድ ሲገኝ፣ ከቻይና የመጣ የሸክላ ዕቃ ስባሪም ከዚያው መንደር አፈር ወጥቷል።

ታዲያ ጀበና ያበጀች እጅ ሲኒን ለምን አላበጀችም? አቅቷት አይደለም። ልዩነቱ አፈሩና እሳቱ ላይ ነው። ጀበና በገላጣ ቦታ በማገዶና በኩበት ይተኮሳል፤ ያ እሳት ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እምብዛም አያልፍም። በዚህ ሙቀት አፈሩ ይጠነክራል እንጂ አይቀልጥም፤ ዓይን የማያያቸው ቀዳዳዎች ይቀራሉ። አዲስ ጀበና ሳይሟሽ ቡና የማይፈላበትም ለዚህ ነው።

ሲኒ የሚሠራበት ፖርሴሊን ግን ካኦሊን ከሚባል ነጭ አፈር፣ ከፌልድስፓርና ከኳርትዝ ተቦክቶ፣ በተዘጋ እቶን 1300 ዲግሪ አካባቢ ይተኮሳል። ፌልድስፓሩ ቀልጦ ቀዳዳውን ሁሉ ይሞላና ገላው እንደ ብርጭቆ ይሆናል። ማሟሸት አይፈልግም፤ የትናንቱ ቡና ሽታም ዛሬ አይከተለውም። ካኦሊኑ እንኳ ከአገር አልጠፋም፤ ጉጂ ውስጥ ቦምቦውሃ ላይ ይገኛል። አውሮፓውያንም የፖርሴሊንን ምስጢር ፈትተው በጀርመኗ ማይሰን ፋብሪካ የከፈቱት በ1710 እ.ኤ.አ. ነው፤ ቻይኖቹ ግን ከዚያ በፊት ከሺህ ዓመት ያላነሰ ሠርተውታል።

አሁን ቡናችሁን ጨርሱና ሲኒዋን ገልብጡ፤ ዕድል ለማየት አይደለም። ከሥሯ ጠርዝ ያለ መስታወት ልባስ የቀረ፣ በጣት ሲነካ ሻካራ የሆነ ቀለበት አለ። ልባሱ እዚያ ቢደርስ ኖሮ ቀልጦ ከእቶኑ መደርደሪያ ጋር ይጣበቅ ነበር። ያ ባዶ ቀለበት ነጭና ጥብቅ ከሆነ ጥሩ ምልክት ነው። በእጅ የተሠራች ከሆነች ደግሞ መሽከርከሪያው ላይ ስትላግ የቀሩ ቀጫጭን ክብ መስመሮች ይታያሉ፤ ግድግዳዋም አንድ ወገን ሳሳ ሊል ይችላል። የፋብሪካ እህትማማቾች ግን ቁርጥ አንድ ናቸው። ስስ ፖርሴሊን ወደ ብርሃን ሲያዝ የጣት ጥላ ያሳልፋል፤ በጥፍር መታ ሲደረግም ጠርቶ ይጮኻል። የተሰነጠቀ ግን ድምፁ ይታፈናል።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ገበያ ላይ ስድስት ሲኒ ገዛሁ። በሳምንቱ የአንዷ ከንፈር ተሸረፈ። ስባሪው እንደ ስኳር ነጭ ሆኖ ያብረቀርቃል ብል፣ እንደ ኖራ ደብዛዛ ሆኖ አገኘሁት፤ ቡና ጠብ ሲልበት ወዲያው መጠጠው። ልባሱ ያማረ፣ ገላው ግን በዝቅተኛ ሙቀት የተተኮሰ ተራ ሴራሚክ ነበር። ሻጩ «ቻይና ናቸው» ብሎ ነበር የሸጠልኝ። አልዋሸም።