ምዕራፍ 9፦ ከጎማው በፊት ቸርኬውን ያንብቡ

አሮጌ ሞተር ያለው ሰው ጎማው ሲያልቅበት ያለቀውን አስወልቆ፣ ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ ገበያ ይወጣል። «እንዲህ ያለ ስጡኝ» ይላል፤ ሻጩም ጎኑን አይቶ አምሳያውን ያወርድለታል። ግን ያ ያለቀው ጎማ ራሱ ትክክለኛው ስለመሆኑ ማን ያውቃል? አንድ ያማሃ ዲቲ 125 ከግብርና ጽሕፈት ቤት ወደ ጨረታ፣ ከጨረታ ወደ ነጋዴ፣ ከነጋዴ ወደ እርስዎ እጅ እስኪደርስ ድረስ ስንት ጎማ ለውጧል! ከባለቤቶቹ አንዱ «የተገኘው ይግባበት» ብሎ ከነበረ፣ እርስዎ ዛሬ ገንዘብ ከፍለው የሚገዙት የእሱን ስህተት ነው።

የማይለወጠው ቸርኬው ነው። ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ ፍቀው ሲያዩት፣ ብዙ ጊዜ ከቫልቮላው ቀዳዳ አጠገብ 1.60 በ18 ወይም 1.85 በ18 የሚል ዓይነት ቁጥር ተቀርጾበት ያገኛሉ። የመጀመሪያው የቸርኬው የውስጥ ስፋት፣ ሁለተኛው ዲያሜትሩ ነው፤ ሁለቱም በኢንች። ዲያሜትሩ ላይ ድርድር የለም። 18 ከሆነ 18 ነው፤ «17 ብቻ ነው ያለው፣ በጉልበት ይገባል» የሚል ሰው ካጋጠመዎት አመስግነው ይውጡ። ድርድር ያለው ስፋቱ ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ከአንድ ደረጃ አይበልጥም።

ብዙዎችን የሚያደናግረው ጎማ በሁለት ቋንቋ መጻፉ ነው። የድሮ ሞተሮች መመሪያ 2.75-18፣ 3.00-18 ይላል። ዛሬ መደርደሪያ ላይ የሚገኘው ግን 80/100-18 ወይም 90/90-18 ሊሆን ይችላል። ሰው «የኔ ቁጥር ጠፍቷል» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል፤ ጎማው ግን በሌላ ስም ፊቱ ተሰቅሏል። በአዲሱ አጻጻፍ የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። በድሮው አጻጻፍ ቁመቱ ከስፋቱ ጋር እኩል ነው ብለው ቢያስቡ ብዙም አይስቱም።

በዲቲው እንሞክረው። የፊት ጎማው 2.75-21 ነው፤ ይህ በየሱቁ የማይገኝ ቁጥር ነው። 2.75 ኢንች በ25.4 ሲባዛ 70 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። 80/90-21 የሚል ጎማ አገኙ እንበል፦ የ80 ዘጠና በመቶ 72 ነው። የጎኑ ቁመት ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ! ስፋቱ ጥቂት ጨምሯል እንጂ ጎማው ለዚያ ሞተር ይሆናል። 80/100-21 ቢሆን ግን ቁመቱ 80 ይሆናል፤ ጎማው በጠቅላላ ዲያሜትሩ 20 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ያኔ ፓራፋንጎው ሥር ያለውን ክፍተት ሳይለኩ መግዛት የለብዎትም። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የዲቲው የኋላ ጎማ 4.10-18 ነው፤ እንደ 4.10 ያሉ ቁጥሮች ጎናቸው ከስፋታቸው ስለሚያንስ ይህ ስሌት በእነሱ ላይ አይሠራም። ለእሱ 100/90-18 ይቀርበዋል።

ክፍተቱን ሲለኩ በደረቅ አስፋልት አያስቡ። መረሬ አፈር ባለበት አገር ክረምቱ ሲገባ ጭቃው ጎማና ፓራፋንጎ መካከል ተጠቅጥቆ ይቆያል፤ አውራ ጣት የማያስገባ ክፍተት በመጀመሪያው ዝናብ ጎማውን ይይዘዋል።

ከአሮጌ ቬስፓ ባለቤቶች የሚመጣውን ጥያቄም ልመልስ። ባለ 8 ኢንቹ ቬስፓ 3.50-8 ይጠይቃል፤ ገበያው ደግሞ በባጃጅ ጎማ፣ በ4.00-8 ተሞልቷል። ዲያሜትሩ አንድ ስለሆነ ይገባል። እኔ ግን አልመክርም። ባጃጅ በሦስት እግሩ ቆሞ ይታጠፋል፤ ቬስፓ ግን ወደ ጎን አዘንብሎ ነው የሚታጠፈው፤ ለማዘንበል ያልታሰበ ጎማ እርጥብ መንገድ ላይ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ መናገር አይቻልም።

ከመጠኑ ቀጥሎ የምትመጣውን ትንሿን ቁጥር አብዛኛው ሰው አያያትም። 41 ከሆነች ጎማው 145 ኪሎ፣ 50 ከሆነች 190 ኪሎ ይሸከማል። ሞተሩ 120 ኪሎ ቢሆን፣ ሁለት ሰው 130፣ ግማሽ ኩንታል እህል ደግሞ 50 ሲጨመር 300 ይሆናል፤ አብዛኛው የሚያርፈው ከኋላ ነው። 41 የተጻፈበትን የፊት ጎማ «መጠኑ አንድ ነው» ብሎ ከኋላ ማሠር ያንን ሁሉ ክብደት በማይችል ጀርባ ላይ መጫን ነው።

ዕድሜውም አለ። የጎማው ጎን ላይ አራት አሃዝ ይፈልጉ። 2319 ማለት በአውሮፓውያን አቆጣጠር የ2019 ዓ.ም. 23ኛ ሳምንት ነው፤ በእኛ 2011 ግንቦት መጨረሻ አካባቢ። በእኛ ዘመን አስልተው እንዳይሳሳቱ። ሦስት አሃዝ ብቻ ካለው በአውሮፓውያኑ ከ2000 በፊት የተሠራ ነው፤ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም፣ በነጻ ቢሰጡዎትም አይውሰዱት። ለትንንሽ ሞተሮች ይህ ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ ፈላጊው ጥቂት የሆነ መጠን ሱቅ በር ላይ ፀሐይ እየመታው ዓመታት ይሰቀላልና። ጎኑን በአውራ ጣትዎ ጫን ብለው ያጥፉት፤ እንደ ደረቀ ኩሬ ስንጥቅጥቅ ካለ ላስቲኩ ሞቷል።

ከመነዳሪውን ከጎማው ጋር ይለውጡ። ቸርኬዎ በሽቦ የተወጠረ ከሆነ አየሩ በሽቦዎቹ ሥር ስለሚወጣ ያለ ከመነዳሪ አይሆንም። ከመጠኑ የሚተልቅ ከመነዳሪ ውስጥ ይታጠፋል፤ እጥፋቱ ራሱን እየፈተገ ይበሳል። ሽቦዎቹን የሚሸፍነው የላስቲክ ጥብጣብ ከተበላም ይቀየር።

ጎሚስታው ሲጨርስ ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት የጎማው ጎን ላይ ያለው ቀስት ወደፊት መዞሩን ይመልከቱ። ከዚያ ሞተሩን በማቆሚያው ከፍ አድርገው ጎማውን በእጅዎ ያሽከርክሩት። ከቸርኬው ጠርዝ በላይ ጎማውን ዙሪያውን የሚከበው ቀጭን መስመር በሁሉም ቦታ እኩል ከፍታ ካልያዘ አየሩን ያስለቅቁ፣ ጠርዙን በሳሙና ውሃ ያርሱት፣ እንደገና ያስነፉት።