የክፍል አየርና የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ጤንነት

እንደሚታወቀው ኢንፍሉዌንዛ፣ ኮቪድና የሳምባ ነቀርሳ በአየር አማካይነት ይተላለፋሉ። የታመመ ሰው ሲናገርና ሲያስል የሚያወጣቸው ጥቃቅን ጠብታዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይንሳፈፋሉ። አየሩ ካልተለወጠ አንዱ ያወጣውን ሌላው መልሶ ይስበዋል። ይህ ጉዳይ በአካል ጉዳተኞች ትምህርት ቤቶች ለምን እንደሚከብድና ምን ማድረግ እንደሚቻል ከዚህ በታች እንመለከታለን።

1ኛ/ አደጋው ለምን ይበልጣል?

የአካል ጉዳት ሁሉ ሳምባን አያደክምም። ነገር ግን ጡንቻው የሚመነምን ልጅ በኃይል ማሳል ስለማይችል አክታውን ማውጣት ይቸግረዋል። ሰረብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች አያሌዎቹ ሲውጡ ትን ስለሚላቸው ምራቅና ምግብ ወደ ሳምባቸው ይገባል። የጀርባ አጥንቱ ክፉኛ የተጣመመ ልጅም ሳምባው በሚገባ አይነፋም። ለሌላው የሦስት ቀን ጉንፋን የሆነው ለእነዚህ የሳምባ ምች ሊሆን ይችላል።

ሌሎቹ መከላከያዎችም ለሁሉ አይመቹም። ተራራቁ እንዳንል፣ የሚያጎርሰውና የሚያነሳው ረዳት መቅረቡ ግድ ነው። አፍ ይሸፈን እንዳንል፣ መስማት የተሳነው ተማሪ ከንፈርና ፊት ማየት አለበት፤ የምልክት ቋንቋ በእጅ ብቻ ሳይሆን በፊትም ይነገራልና። ንጹሕ አየር ግን ከተማሪው ምንም ችሎታ አይጠይቅም። ዋናው ነጥባችን ይህ ነው።

2ኛ/ አየሩ ምን ያህል ይለወጥ?

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው መመሪያ በሰዓት 5 ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ይላል። ልዩነቱን በስሌት እንየው። በሽተኛው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ አየሩ በሰዓት 1 ጊዜ ብቻ ከተለወጠ፣ ከተንሳፈፈው ውስጥ ከመቶ 37 ያህሉ ከአንድ ሰዓት በኋላም ይቀራል። 5 ጊዜ ከተለወጠ ግን ከመቶ አንድ እንኳ አይቀርም።

መለኪያው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ነው። ከቤት ውጭ በአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 420 ያህል ሲገኝ፣ በትንፋሻችን ውስጥ 40,000 ያህል አለ። በመሆኑም የክፍሉ መጠን 1,200 ሲደርስ፣ ከምንስበው አየር ከመቶ ሁለት ያህሉ ከሰው ሳምባ የወጣ ነው።

3ኛ/ ምን ይደረግ?

ሀ/ በሮችና ፊት ለፊት የሚተያዩ መስኮቶች ይከፈቱ። በሊማ፣ ፔሩ፣ በ8 ሆስፒታሎች ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2007 በታተመ ጥናት፣ መስኮትና በር ሲከፈት አየሩ በሰዓት 28 ጊዜ ያህል ሲለወጥ፣ በመሣሪያ አየር የሚገባባቸው ክፍሎች ግን 12 ጊዜ ብቻ ነበሩ።

ለ/ እንደምንማርበት ባለ ሞቃት አገር፣ በግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤር ኮንዲሽነር አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ አየር አቀዝቅዞ ይመልሳል እንጂ አዲስ አያስገባም። ስለዚህ ቢያንስ በየእረፍቱ መስኮት ይከፈት።

ሐ/ አቧራ በሚነሳበት ቀን የሄፓ ማጣሪያ ያገለግላል። ድምፁ ግን በጆሮው ለሚማረው ማየት ለተሳነው ተማሪና ማዳመጫ መሣሪያ ለሚጠቀመው እንቅፋት ስለሚሆን፣ ትልቅ ማጣሪያ በዝግታ ማሠራት ይሻላል።

መ/ የመስኮቱ መክፈቻ በተሽከርካሪ ወንበር ለተቀመጠ ሰው እጅ የሚደርስ ይሁን።

አየር መለወጡ ፊት ለፊት ተጠግቶ የሚያጎርሰውን ረዳት ትንፋሽ አያግድም። ስለዚህ የሚያስል ሠራተኛ እቤቱ ይዋል፤ ክትባቱንም ይከተብ።

በመጨረሻም፣ በአገራችን አውቶቡስ ውስጥ መስኮት የከፈተ ሰው ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። «ነፋስ ይመታዋል» የሚለውን ስጋት ማሾፊያ ልናደርገው አይገባም፤ ብዙ የማይንቀሳቀስ ልጅ በእርግጥ ይበርደዋል። መልሱ ግን ልጁን ጋቢ ማልበስና ነፋሱ በቀጥታ ከሚመጣበት ቦታ ፈቀቅ ማድረግ እንጂ መስኮቱን መዝጋት አይደለም። የሕክምና ተማሪዎች ይህን ለወላጆች በትዕግሥት እናስረዳ። የምሕንድስና ተማሪ የሆናችሁ ወንድሞችና እህቶችም ነገ ትምህርት ቤት ስትነድፉ መስኮቱን አስቡበት።