ከፍታና እግር ኳስ፦ የስስ አየር ተጽዕኖ በተጫዋች ጽናትና በኳስ በረራ ላይ

እ.ኤ.አ. በሜይ 2007 ፊፋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይካሄድ ወሰነ። ውሳኔው በዋናነት የነካው 3,600 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘውን የቦሊቪያዋን ላፓዝ ሲሆን፣ ከብርቱ ተቃውሞ በኋላ በዓመቱ ተነሣ። በ2,355 ሜትር ላይ ያለችው አዲስ አበባ ከዚያ ወሰን ያመለጠችው በ145 ሜትር ብቻ ነበር። ክርክሩ በስብሰባ አዳራሽ ቢዘጋም፣ ከፍታ ባለሜዳውን ቡድን በምን መንገድና ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚጠይቀው ሳይንሳዊ ጥያቄ ግን አሁንም ክፍት ነው።

በከፍታ ቦታ ኦክስጅን ያንሳል ሲባል ብዙዎች የአየሩ ቅንብር የሚለወጥ ይመስላቸዋል። ነገር ግን የኦክስጅን ድርሻ በጅቡቲም ሆነ በአዲስ አበባ 21 በመቶ ገደማ ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት የባሕር ዳርቻውን ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ፣ የኦክስጅን ከፊል ግፊት ከ159 ወደ 120 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ ይወርዳል። ከፍታን ባልተላመደ ሰው ዘንድ፣ ሰውነት ሊጠቀምበት የሚችለው ከፍተኛ የኦክስጅን መጠን ከ1,500 ሜትር በላይ በየ100 ሜትሩ በግምት 1 በመቶ ይቀንሳል፤ ይህም በአዲስ አበባ 8 ወይም 9 በመቶ መሆኑ ነው።

ጉዳቱ ግን በእያንዳንዱ ሩጫ ላይ አይታይም። እ.ኤ.አ. በ1968 በሜክሲኮ ሲቲ (2,240 ሜትር) በተካሄደው ኦሊምፒክ ቦብ ቢመን 8.90 ሜትር ሲዘል፣ በ10,000 ሜትር የብር፣ በማራቶን ደግሞ የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘው የደጋው ልጅ ማሞ ወልዴ ነበር። ለአጭር ፍንዳታ የሚያስፈልገው ኃይል በጡንቻ ውስጥ ከተከማቸው ፎስፎክሬቲን ይገኛል፤ ይህን ክምችት መልሶ ለመሙላት ግን ኦክስጅን የግድ ነው። ስለዚህ እንግዳው ተጫዋች የሚቸገረው የመጀመሪያውን ሩጫ ሮጦ ሳይሆን፣ በሁለት ሩጫዎች መካከል ትንፋሹን ሲሰበስብ ነው። እግር ኳስ ደግሞ ከሞላ ጎደል የዚህ ድግግሞሽ ነው።

ኳሷም የራሷ ጉዳይ አላት። በተመሳሳይ ሙቀት የአዲስ አበባ አየር እፍግታ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። በሴኮንድ 25 ሜትር የምትበር ኳስ በባሕር ጠለል ላይ ወደ ኋላ የሚጎትታት የአየር ኃይል የክብደቷን ሁለት ሦስተኛ ገደማ ሊደርስ ስለሚችል፣ የሩብ ቅናሽ ቀላል ለውጥ አይደለም። እየተሽከረከረች የተመታችን ኳስ የሚያጥፋት የማግነስ ኃይልም እንዲሁ ይቀንሳል። በቀላል ስሌት፣ በባሕር ዳርቻ 3.3 ሜትር የምትታጠፍ የ25 ሜትር ቅጣት ምት በአዲስ አበባ የምትታጠፈው 2.5 ሜትር ገደማ ነው። የሰማንያ ሳንቲሜትሩ ልዩነት በግቡ ቋሚና በማስታወቂያ ሰሌዳው መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ለዓመታት እግሩን ለባሕር ዳርቻ አየር ያስለመደ መቺና ዓይኑን ያስለመደ ግብ ጠባቂ ይህን በአንድ ልምምድ አያርሙትም።

የስታቲስቲክስ ማስረጃውም ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ የፓትሪክ ማክሻሪ ጥናት የደቡብ አሜሪካን 1,460 ዓለም አቀፍ ጨዋታዎች መርምሯል። ሁለቱም ቡድኖች ከእኩል ከፍታ ሲመጡ የባለሜዳው የማሸነፍ ዕድል 0.537 ሲሆን፣ ባለሜዳው በ3,695 ሜትር ከፍ ካለ ቦታ ሲሆን 0.825 ይደርሳል። ሆኖም ላፓዝ አዲስ አበባ አይደለችም፤ ውጤቱን እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አይቻልም።

የአዲስ አበባ ታሪክም ለቀላል ድምዳሜ አይመችም። እ.ኤ.አ. በ1962 ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣችው በዚሁ ከፍታ፣ 90 ደቂቃው 2 ለ 2 ካለቀ በኋላ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 በማሸነፍ ነው። የከፍታ ደጋፊዎች ይህን ቢጠቅሱ አይፈረድባቸውም። ነገር ግን በ1968 በዚያው ሜዳ ዋንጫውን የወሰደችው ኮንጎ ኪንሻሳ ነበረች፤ በ1976ም አስተናጋጇ ኢትዮጵያ ከምድቧ አላለፈችም።

የተሻለው መመርመሪያ የአገር ውስጥ ሊግ ሳይሆን አይቀርም። በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች አዲስ አበባንና 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ያለችውን ድሬዳዋን ጨምሮ በተመረጡ ከተሞች እየተዘዋወሩ ተካሂደዋል። ይህ አደረጃጀት አብዛኞቹን ክለቦች ከሜዳቸውና ከደጋፊያቸው ስለሚለይ፣ ዘወትር አብረው የሚመጡትን የከፍታንና የደጋፊን ተጽዕኖ ለያይቶ ለመለካት ያስችላል። የሚያስፈልገውም የጨዋታዎቹ ውጤት፣ ግቦቹ የተቆጠሩበት ደቂቃና እያንዳንዱ ክለብ በመደበኛነት የሚለማመድበት ከተማ ከፍታ ነው።